በሕያው አንጎል ውስጥ ተቀባዮችን ስለ መለካት

በአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን እሑድ ከቅዳሴ መልስ በየተራ በየቤቱ እየተሰበሰብን ቡና መጠጣት ከጀመርን ብዙ ዘመን ሆኖናል። ሰፈሩ የሚጠራበት የገበያ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1965 ተከፍቶ በ2017 ተዘግቷል፤ ከዚያም ፈርሶ ቦታው አዲስ ሆስፒታል እንዲሠራበት ተወስኗል። የቡናው ማኅበር ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚሁ ማኅበር ላይ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንዲት እናት፣ ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዶክተር፣ ልጄን ጨረር ያለበት መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጥተን አንጎሉን ፎቶግራፍ እናንሣው ይሉኛል። ፎቶግራፍ ከሆነ መርፌው ለምንድን ነው? መድኃኒት ከሆነስ ፎቶግራፉ ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄው ለዶክትሬት ከሚዘጋጁ ተማሪዎች አፍ ከሰማኋቸው ብዙ ጥያቄዎች የተሻለ ነው። የዚህን የጥናት ዘርፍ ቁም ነገር በሁለት ዐረፍተ ነገር ይዞታል። በዚያ ሰዓት የሰጠሁት መልስ ግን ግማሽ ነበር፤ ቡና ቤት መሐል ስለ ፖዚትሮን መናገር አይመችም። የቀረውን ግማሽ በዚህ መጽሔት ለማቅረብ የተነሣሁት ነገሩ የአንዲት እናት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ይህ ጸሐፊ በሙያው የመድኃኒት ኬሚስት እንጂ የአእምሮ ሐኪም አለመሆኑን ግን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቅለት ይፈልጋል።

የልጁ ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ድምፅ ይሰማው ጀመር፤ ሃሎፔሪዶል የሚባለው መድኃኒት ታዘዘለትና ለዓመታት ደኅና ሆኖ ኖረ። ወደዚህ አገር ሲመጣ ያንኑ መድኃኒት በዚያው መጠን ቀጠለ። ዓመት ሳይሞላው ድምፁ ተመለሰ። ያየው ሐኪም «በሽተኛው መድኃኒቱን በትክክል አይወስድም» ብሎ መዝግቦ መጠኑን ሁለት ጊዜ ከፍ አደረገው። ከዚያ በኋላ አንገቱ ደረቀ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቱ ግን ክኒኑን አንድ በአንድ እየቆጠሩ፣ ከምላሱ በታች እያዩ የሚያውጡት እርሳቸው ነበሩ። «ልጄ ውሸታም ተባለ» የሚለው ቁጭት ከበሽታው ባልተናነሰ ያቃጥላቸዋል። ይህ ሁሉ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ተቀባይ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል።

ድንኳኑና ወንበሮቹ

የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ኬሚካዊ መልእክተኞችን በመላላክ ነው። ዶፓሚን ከነዚህ አንዱ ነው። መልእክተኛው ከአንዱ ሕዋስ ወጥቶ በማዶው ሕዋስ ገጽ ላይ በተተከለ ፕሮቲን ላይ ሲያርፍ መልእክቱ ይደርሳል፤ ይህን ፕሮቲን ነው በዚህ ጽሑፍ «ተቀባይ» የምለው። በመማሪያ መጻሕፍት ተቀባይና መልእክተኛ በጓጉንቸርና በመክፈቻው ይመሰላሉ። ምሳሌው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ጓጉንቸር ሲባል አንድ ነው፣ እዚህ የተያዘው ጉዳይ ደግሞ የብዛት ጉዳይ ስለሆነ እኔ የሠርግ ድንኳን ብመርጥ ይሻለኛል።

ድንኳኑ ተተክሏል፤ ውስጡ ስንት ወንበር እንዳለ፣ ስንቱም እንደተያዘ ማወቅ እንፈልጋለን፤ መግባት ግን ተከልክለናል። ያለን መላ አንድ ነው፤ ፋኖስ የያዙ ጥቂት እንግዶች እንልካለን። ሌሊት ከውጭ ሆነን ስናይ ብርሃኑ በየት በኩል እንደረጋ፣ የትኛውስ ቦታ ሳይቀመጥ እየዞረ እንደወጣ እንለያለን። እንግዶቹ እጅግ ጥቂት መሆን አለባቸው፤ ብዙ ከላክን ወንበሩን ራሳቸው ይሞሉትና ሠርጉን እናበላሻለን። በሕክምናው ቋንቋ ፋኖስ የያዘው እንግዳ በጨረር አመንጪ አቶም ምልክት የተደረገበት ሞለኪውል ነው። መጠኑም ከጥቂት ማይክሮግራም ስለማይበልጥ አያድንም፣ አያሳምምም። ለእትዬ የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፤ መርፌው ፋኖሱ ነው። ያለ እርሱ ካሜራው የሚያየው ጨለማ ነው።

ይህ ጥበብ ከላንድማርክ ብዙ ሳይርቅ የተወለደ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። እ.ኤ.አ. በ1973 በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ካንዳስ ፐርት የተባለች የዶክትሬት ተማሪና አስተማሪዋ ሶሎሞን ስናይደር ሞርፊንና ዘመዶቹ የሚያርፉበትን ተቀባይ በአንጎል ውስጥ አሳዩ። ያሳዩት ግን ከሞተ እንስሳ በተወሰደና በተፈጨ አንጎል ላይ ነበር። በዚያው አሠርት ዓመት ሉዊስ ሶኮሎፍ በቤተዝዳ በብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም አንጎል ስኳርን በየክፍሉ በምን ፍጥነት እንደሚያቃጥል በጨረር ምልክት የሚለካበትን ስልት አወጡ። ሁለቱ ጅረቶች የተገናኙት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1983 ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ የኒውክሌር ሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ዋግነር፣ ያን ጊዜ የ56 ዓመት ሰው፣ ካሜራው ሥር ራሳቸው ተኙ፤ በካርበን-11 ምልክት የተደረገበት ሞለኪውል ተሰጣቸው፤ የዶፓሚን ተቀባዮች በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥዕል ታዩ። በሌላ ሰው ላይ ከመሞከራቸው በፊት በራሳቸው ላይ መጀመራቸውን ለእትዬ ስነግራቸው፣ «እንዲህ ያለውንስ ሰው አምነዋለሁ» አሉ።

ስለ ጨረሩ ጠባይ ብዙ አልዘበዝብም። ካርበን-11 ሲፈርስ ፖዚትሮን የተባለች፣ የኤሌክትሮን ተቃራኒ የሆነች ቅንጣት ያወጣል። ፖዚትሮኗ ብዙ ሳትርቅ ከኤሌክትሮን ጋር ትጋጫለች፤ ሁለቱም ጠፍተው እያንዳንዳቸው 511 ኪሎኤሌክትሮንቮልት የሆኑ ሁለት የጋማ ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ። ራስን ከብቦ የተቀመጠው የካሜራው ቀለበት ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ሲቀበል፣ ፍንዳታው እነርሱን በሚያገናኘው መሥመር ላይ እንደ ነበረ ይታወቃል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሥመሮች ሲደራረቡ ሥዕል ይሆናሉ። ጨረሩን በተመለከተ፣ በአንድ ጥናት የሚወሰደው መጠን ጥቂት ሚሊሲቨርት ነው። ማንኛውም የአሜሪካ ነዋሪ ከመሬትና ከሰማይ በዓመት ሦስት ያህል ይቀበላል። ከባሕር ወለል ከፍ ባለ መጠን የሰማዩ ድርሻ ስለሚጨምር በአዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ከዚህ ዓይነቱ ጨረር ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። ምንም አይደለም ማለቴ ግን አይደለም፤ ያለ ምክንያት የሚወሰድ ነገር አይደለም።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ሥዕሉ ውብ ቢሆንም ሳይንሱ ያለው በቁጥሩ ውስጥ ነው። በአንድ የአንጎል ክፍል የሚታየው ብርሃን የሦስት ነገሮች ድምር ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጡ እንግዶች፣ ገና የሚዞሩ እንግዶች፣ ያለ ወንበር መሬት ላይ የተቀመጡ እንግዶች። እኛ የምንፈልገው የመጀመሪያዎቹን ብቻ ነው። ለዚህ የሚረዳ የተፈጥሮ ስጦታ አለ፤ ከራስ ቅል ኋላ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ትንሹ አንጎል ዲ-2 የሚባሉት የዶፓሚን ተቀባዮች የሉትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በዚያ የሚታየውን ብርሃን እንደ መነሻ ወስደን፣ ስትራያተም ከሚባለውና ተቀባዮቹ ከሞሉበት ጥልቅ ክፍል ላይ እንቀንሳለን። የቀረው ለመነሻው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር «የመያዝ አቅም» ይባላል። ፅንሰ ሐሳቡን ማርክ ሚንተንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1984 አቀረቡት።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ጉድለት አለ። የመያዝ አቅም የወንበሮቹን ብዛትና እንግዳው ወንበሩን የሚወድበትን ኃይል አንድ ላይ አባዝቶ የሚሰጥ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ቢቀንስ ወንበር ጎድሎ ይሁን፣ ወንበሩ በሌላ ተይዞ ይሁን፣ ወይስ እንግዳው መቀመጥ ጠልቶ ይሁን፣ ሥዕሉ በራሱ አይናገርም። ይህን የዘነጉ ተመራማሪዎች ብዙ ወረቀት አባክነዋል።

በሌላ የተያዘ ወንበር ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከራሳችን ስኒ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የሚያነቃን ራሱ ኃይል ስለሚሰጥ አይደለም፤ ድካምን የሚያስታውቀው አዴኖሲን የሚቀመጥባቸውን ወንበሮች ቀድሞ ስለሚይዝ ነው። በጀርመን አገር በዩሊሽ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ለፈቃደኞች ካፌይን እየጨመሩ ሲሰጡ፣ ፋኖስ የያዘው ሞለኪውል ከአዴኖሲን ተቀባዮች እየተገፋ ሲወጣ በካሜራ ተመለከቱ። ከአራት እስከ አምስት ስኒ የፈረንጅ ቡና የሚሆን መጠን ከተቀባዮቹ ግማሽ ያህሉን እንደሚይዝ ገመቱ። አቦል፣ ቶናና በረካ ጠጥቶ የተነሣ ሰው ከወንበሮቹ ስንቱን አስይዞ እንደሚሄድ ማንም እስካሁን ለክቶ አላየሁም፤ የሚያስቆጭ ነው።

በዚሁ መንገድ የመድኃኒትን ሥራ መለካት ይቻላል። በሽተኛው መድኃኒት ሳይወስድ የመያዝ አቅሙ 3.0 ቢሆን፣ ከወሰደ በኋላ ወደ 0.9 ቢወርድ፣ መድኃኒቱ ከመቶ 70 የሆኑትን ተቀባዮች ይዟል ማለት ነው። በስቶክሆልም በካሮሊንስካ ተቋም ላርስ ፋርዴና ባልደረቦቻቸው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ራክሎፕራይድ በተባለ ሞለኪውል ይህን ሠሩ። በተለመደው መጠን የሚሰጡ የስኪዞፍሬንያ መድኃኒቶች፣ የኬሚስትሪ ዝርያቸው ቢለያይም፣ ከዲ-2 ተቀባዮች ከመቶ ከ65 በላይ እንደሚይዙ አገኙ። ከዚህ ሕግ ጎልቶ የወጣው ክሎዛፒን ነው፤ ከሌሎቹ ያነሰ ወንበር ይዞ ይፈውሳል። በቶሮንቶ ደግሞ ሺቲጅ ካፑርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሥራ ሃሎፔሪዶል ሕመሙን ማሻሻል የሚጀምረው ከመቶ 65 ሲደርስ መሆኑን፣ መድረቁና መንቀጥቀጡ ደግሞ ከመቶ 78 ሲያልፍ እንደሚበዛ አሳዩ።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ጠባብ በር ልብ ይሏል። ከመቶ 13 ብቻ ነው። የካፑር ቡድን ቀደም ሲል በቀን 2 ሚሊግራም ብቻ የወሰዱ ሕሙማን ብዙዎቹ በዚሁ በር ውስጥ መሆናቸውን ለክቶ ነበር። ከዚያ በፊት ግን በብዙ ሆስፒታሎች በቀን 20፣ አንዳንዴም 40 ሚሊግራም ይሰጥ ነበር። ወንበሮቹ ከሞሉ በኋላ የሚገባው እንግዳ ሁሉ ሥራው ረብሻ ብቻ እንደ ነበር ካሜራው ከመምጣቱ በፊት ያወቀ የለም። በአገራችንም ሆነ በሌላ አገር ጎብጠው፣ ፊታቸው እንደ ጭምብል ደርቆ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ሲሄዱ ያየናቸውን ሕሙማን «በሽታው እንዲህ አደረገው» ስንል የኖርነው ምን ያህሉን በሽታው፣ ምን ያህሉን መድኃኒቱ እንዳደረገው ሳናውቅ ነው።

ዘርፉ የጠራ ነው ብዬ አንባቢን ማሳሳት አልሻም። እ.ኤ.አ. በ1986 በጆንስ ሆፕኪንስ ዲን ዎንግና ባልደረቦቻቸው መድኃኒት ቀምሰው የማያውቁ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን የዲ-2 ተቀባዮች ብዛታቸው ከጤነኞች ይበልጣል አሉ። የስቶክሆልሙ ቡድን ብዙም ሳይቆይ ይህንኑ ፈትሾ ልዩነት አላገኘሁም አለ። ሁለቱም ጠንቃቃ ነበሩ። የላኳቸው እንግዶች ግን የተለያዩ ነበሩ፤ የባልቲሞሩ ሞለኪውል ወንበሩን አጥብቆ ይዞ የማይነሣ፣ በሌሎች ተቀባዮችም ላይ የሚቀመጥ ሲሆን፣ የስቶክሆልሙ በቀላሉ ተነሥቶ ለራሱ ለዶፓሚን ቦታ የሚለቅ ነው። ክርክሩ ዓመታት ከፈጀ በኋላ ትኩረቱ ከወንበሮቹ ወደ መልእክተኛው ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የማርክ ላሩኤልና የባልደረቦቻቸው ሥራ አምፌታሚን ሲሰጥ በሕሙማኑ አንጎል ውስጥ የሚለቀቀው ዶፓሚን ከጤነኞቹ የበለጠ መሆኑን አመለከተ። ካቲኖን የተባለው የጫት ንጥረ ነገር የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ መሆኑን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ግኝት የሩቅ ወሬ አይደለም።

ወደ እኛ ስንመጣ

መድኃኒት ወንበሩ ጋ ከመድረሱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል። እዚያ ከሚጠብቁት ኤንዛይሞች አንዱ ሲዋይፒ-2ዲ6 ይባላል። ሃሎፔሪዶልን በከፊል፣ ሪስፔሪዶንንና ሌሎችንም በርካታ መድኃኒቶች የሚሰባብር ነው። ብዙ ሰው የዚህ ኤንዛይም ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። ጥቂቶች ግን ጂኑ በላይ በላዩ ተደጋግሞላቸው ተጨማሪ ቅጂ ይዘው ይወለዳሉ፤ መድኃኒቱን በእጅጉ ፈጥነው ያጠፉታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ሳይንቲስት ዶክተር እሌኒ አክሊሉና በካሮሊንስካ የሚገኙ ባልደረቦቻቸው 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ባሳተሙት ጥናት ከመቶ 29ኙ እንዲህ ያለ ተጨማሪ ቅጂ ያላቸው ሆነው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጥም። በዚህ ምድር ላይ ከተጠኑት ሕዝቦች መካከል ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ለስደተኛ አንባቢ ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ያው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመው ነው። በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አነጻጸሩ። ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ በአገር ቤት ያሉት ኤንዛይም በስዊድን ካሉት ይልቅ ዝግ ብሎ ይሠራል። ምግቡ ይሁን፣ ቅመሙ ይሁን፣ ሌላ ነገር፣ በአገር ቤት ኑሮ ውስጥ ኤንዛይሙን የሚይዝ አንድ ልጓም አለ ማለት ነው። ሰውዬው ሲሰደድ ልጓሙ ይቀራል።

አሁን ወደ እትዬ ልጅ እንመለስ። አዲስ አበባ ሳለ ከመቶ 65ቱን ወንበር የያዘለት መጠን፣ አሌክሳንድሪያ ሲደርስ ጉበቱ ፈጥኖ ስለሚያጠፋው ከመቶ 50 ብቻ ይዞለት ሊሆን ይችላል። ክኒኑ ተውጧል፤ ወንበሩ ግን ባዶ ነው። ከዚያ መጠኑ ደምም ሳይለካ በግምት እጥፍ ድርብ ሲደረግ ጠባቡን በር ተሻግሮ ወደ መድረቅና ወደ መንቀጥቀጥ አለፈ። ይህ የእኔ ግምት እንጂ በልጁ ላይ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ተጨማሪ ቅጂ የሌላቸው ኢትዮጵያውያን ከመቶ 71 መሆናቸውንም መርሳት አይገባም፤ «ኢትዮጵያዊ ነውና ብዙ ይሰጠው» ማለት «ውሸታም ነው» ከማለት የማይሻል ስንፍና ነው። በዚህ አገር ጥቁር ሕሙማን ከነጮች የበለጠ መጠን ሲታዘዝላቸው መኖሩን ብዙ ጥናቶች መዝግበዋል፤ ይህም የሆነው ማንም ጂናቸውን አይቶ አልነበረም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ በሽተኛውን ከመወንጀል በፊት መለካት ይቻላል።

ለመለካትም የግድ ሳይክሎትሮን አያስፈልግም። በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን በተራ ላቦራቶሪ ይለካል፤ ጂኑም ከምራቅ ይታያል። የፋርዴና የካፑር ሥራ ውለታው በደም ውስጥ ያለው ይህን ያህል መጠን አንጎል ውስጥ ይህን ያህል ወንበር ይይዛል የሚለውን ዝምድና አንድ ጊዜ ለሁሉ ማውጣቱ ነው። ነገር ግን ዝምድናው የወጣው በጥቂት የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሰዎች ላይ ነው። ተቀባዮቹም ራሳቸው በጂን እንደሚለያዩ አንድ ትምህርት ሰጪ ገጠመኝ አለ። በቤተዝዳ እነ ቪክተር ፓይክና ሮበርት ኢኒስ የአንጎልን ብግነት ለማየት ያበጁት ፒቢአር-28 የተባለ ሞለኪውል በአንዳንድ ፈቃደኞች ላይ ጨርሶ አልይዝ አለ። ምክንያቱ በተቀባዩ ፕሮቲን ላይ ያለች አንዲት የጂን ለውጥ መሆኗ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ታወቀ። ዛሬ ያን ጥናት የሚሠራ ሁሉ አስቀድሞ ጂን ይመረምራል። የእኛን ሰዎች ሳያዩ ስለ እኛ ሰዎች መናገር እንደማይቻል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በአገር ቤት ይህ ጥናት ሊሠራ ይችላልን? ሒሳቡ ቀላል ነው። የካርበን-11 ግማሽ ዕድሜ 20 ደቂቃ ነው፤ ሳይክሎትሮኑ ከካሜራው ግድግዳ ለግድግዳ መሆን አለበት። ፍሎሪን-18 ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ነው፤ ከዳለስ ተነሥቶ 13 ሰዓት ያህል በርሮ አዲስ አበባ ሲደርስ ከመቶ አንድ እንኳ አይቀረውም። አዮዲን-123 ግን 13 ሰዓት ያህል ግማሽ ዕድሜ ስላለው ግማሹን ይዞ ይገባል። ነጠላ ጨረር የሚቀበለው፣ ዋጋውም የሚቀለው የጋማ ካሜራ በዚህ አቶም የዶፓሚንን ተቀባይ መለካት ይችላል፤ ላሩኤልም ያን የ1996 ሥራ የሠሩት በዚሁ ነው። ሥዕሉ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ለጥያቄያችን ግን ይበቃል። ሰዎቹም አሉ። በቡታጅራ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት ታይቶ የተገኙት የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። እንዲህ ያለ በጥንቃቄ የተመዘገበና የታወቀ ማኅበረሰብ ባለበት፣ ለብዙ አሥርታት ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የነበረው አማኑኤልም የኖረ ልምድ ባለበት አገር፣ የጎደለው የካሜራው ሰዓትና የአዮዲኑ ዋጋ ነው። በውጭ ያለን የሙያው ሰዎች በየዓመቱ ከምናወጣው የስብሰባ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ገንዘብ ነው ብዬ አላምንም።

እትዬን በመጨረሻ ያልኋቸው ይህን ነው። ጥናቱን የሚመሩትን ሰዎች ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ለጥናቱ ሲባል ልጁ መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ ይደረግ እንደሆነና በዚያ ጊዜ ማን እንደሚጠብቀው፤ አደጋው ከጨረሩ ይልቅ እዚህ ላይ ነውና። ሁለተኛ፣ ውጤቱ ለራሱ ሐኪም ይሰጥ እንደሆነ፤ እንዲህ ያለው ጥናት ብዙ ጊዜ ለዕውቀት እንጂ ለአንዱ በሽተኛ ሕክምና አይሠራም። ሦስተኛ፣ የደሙንና የጂኑን ምርመራ ከጥናቱ ጋር ያደርጉለት እንደሆነ። እርሳቸው በወረቀት ላይ አስጻፉኝና አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከዚያ፣ «በዚያን ዕለት ጧት ቡና ልስጠው?» አሉኝ።

ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ሳቄን ያዝሁ። ኖራ ቮልኮውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት 300 ሚሊግራም ካፌይን በስትራያተም ያለውን የዲ-2 ተቀባይ ንባብ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። «ጥናቱ እስኪያልቅ አይስጡት፣ እትዬ» አልኋቸው። «እንግዲያስ በረካውን ለማታ አቆይለታለሁ» አሉ።